ቀስቷና አቶ ገላና

አቶ ገላና አርባ ዓመት ሙሉ በዓባያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሲነዱ መንገድ የጠፋቸው አንድ ቀን ብቻ ነው። ለልጃቸው ለዶርቃ ግን ያ አንድ ቀን ከበቂ በላይ ነበር። ባለፈው ክረምት ጉም ሐይቁን ሸፍኖት፣ ዳርቻውን ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ዋሉ። እናቷ ወይዘሮ አስረሳሽ ውኃው ዳር ቆመው የባላቸውን ስም ሲጠሩ ድምፃቸው ተዘጋ። ዶርቃ ወሬው በስልክ ሲደርሳት አዲስ አበባ ኮተቤ፣ የመገናኛ መሣሪያ በሚሸጥበት የሥራ ቦታዋ፣ ለሰው አባት ጂፒኤስ እያስረዳች ነበር።

ስለዚህ በሐምሌ አባቷ የእህታቸውን ልጅ ምረቃ ሊያዩ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ፣ አንድ ጂፒኤስና ሁለት የእጅ ሬዲዮ ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ጠበቀቻቸው።

«ስልክ አለኝ እኮ፣ ልጄ።»

«ሐይቁ መሀል ኔትወርክ የለም፣ አባባ። ይኼ ያሉበትን ቦታ ከሳተላይት ነው የሚያውቀው።»

«እኔ ደግሞ ከነፋሱ።»

«ታዲያ ያን ቀን ነፋሱ ምን አለዎት?» የሚለው ጥያቄ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ዶርቃ ቃል ከአፏ ከመውጣቱ በፊት አገላብጣ የምታይ ሴት ናት፤ ለአባቷ ሲሆን ደግሞ ሁለት ጊዜ ታገላብጠዋለች።

አቶ ገላና መሣሪያውን በመዳፋቸው መዘን አደረጉት። «እሺ፤ ጉም ባለበት፣ በማላውቀው አገር ልፈትነው። አንቺ ዘንድ ካደረሰኝ ይዤው እሄዳለሁ። ካላደረሰኝ ግን እዚሁ ይቅር፤ ሁለተኛም እንዳታነሺብኝ።»

ወደ ሐይቁ የሚመለሱት በማግስቱ ጠዋት ነበር። ፈተናው አንድ ብቻ መሆኑን ዶርቃ ተረዳች።

የሐምሌ እንጦጦ ጉም አያሳጣም። ከማርያም ወዲያ፣ አስፋልቱ ዳር ከታክሲ ሲወርዱ፣ አሥር እርምጃ ርቆ ያለው ባሕር ዛፍ ጥላ ብቻ ይመስል ነበር። ዶርቃ ጫካው ውስጥ ያለ የአንድ አሮጌ ጽድ ቦታ መሣሪያው ላይ አስቀድማ መዝግባለች።

«ቀስቷን ይከተሉ፤ ቁጥሩ እያነሰ ሲሄድ እየቀረቡ ነው ማለት ነው። ሬዲዮውን ለመናገር ይጫኑት፣ ለመስማት ይልቀቁት። ሲጨርሱ ‹ጨረስኩ› ይበሉ። ቀድሜ ሄጄ ጽዱ ሥር እጠብቅዎታለሁ» አለቻቸውና የራሷን መሣሪያ ተከትላ ወደ ጽዱ ሄደች።

ገና ከመድረሷ ሬዲዮው ተንጫጫ።

«ዶርቃ! እንዴት ነሽ? ደህና ነሽ ወይ? ጤናሽ እንዴት ነው? ብርዱስ?»

ከተለያዩ ሩብ ሰዓት አልሞላም። «ደህና ነኝ፣ እርስዎ እንዴት ነዎት?» አለች ቁልፉን ተጭና። እሳቸውም ጣታቸውን ሳያነሡ «ሁሉ ሰላም ነው?» ይላሉ። ሰላምታው በሰላምታው ላይ ተደራረበና ሁለቱም ምንም ሳይሰሙ ቀሩ።

በመጨረሻ የቅሬታ ድምፅ መጣ። «ምነው ዘጋሽኝ? አስቀየምኩሽ እንዴ? ጨረስኩ።»

«ኧረ በፍጹም፣ አባባ! ጣትዎ ካልተነሣ የእኔ ድምፅ አይገባም። ጨረስኩ።»

«እንዴ! ሰላምታዬን ከመሀል ልቁረጠው?»

ዶርቃ ሳቋን ዋጠችው። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

«ይቺ ቀስት ሰክራለች» አሉ ቆየት ብለው። «ወደ ግራ አለችኝ፣ ሄድኩ። አሁን ደግሞ በመጣህበት ተመለስ ትለኛለች። እኔ ለዚህች ነፍሴን አልሰጥም። ልመለስ ነው። ጨረስኩ።»

ዶርቃ ቁልፉን ፈጥና ተጫነች። «ቁጥሩ ስንት ይላል?»

«ሦስት መቶ አርባ ሜትር።»

ቁጥሩ ከአስፋልቱ ሲነሡ ከነበረው አንሷል፤ ሳተላይቱም ባትሪውም ደህና ነው ማለት ነው። ሌላ ልትጠይቅ ስትል ከአባቷ ድምፅ ጀርባ ሌላ ድምፅ ሰማች፦ «እንዴት ዋሉ፣ ወንድም ዓለም?» አባቷ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ ረስተውታል። የመጡት ሰው የጫካው ጥበቃ መሆናቸውንና ስማቸውም ተክለጻድቅ መሆኑን ከዚያው ተረዳች። የቤተሰብ ደኅንነት ተጠየቀ፤ የከብትም፣ የዝናቡም። ትከሻ ለትከሻ ሲጋጩ ሬዲዮው ኮሽ ኮሽ አለ። አንድም የእግር ኮቴ ግን አልተሰማም።

አባቷ ቆመዋል። ሰው ባገኙ ቁጥር ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ዞር ብለው ሰላም ይላሉ። የገዛችላቸው ጂፒኤስ ባትሪው ብዙ የሚቆየው ዓይነት ነው፤ እሱ ደግሞ እንደ እሷ መሣሪያ ሰው ቆሞም ቢሆን አቅጣጫ የሚያሳይ ኮምፓስ የለውም፤ አቅጣጫ የሚለየው ከእርምጃ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ቃል መርጣ ስታስረዳ ይህችኑ አንዲት ዓረፍተ ነገር ዘንግታት ኖሯል።

ታዲያ አባት «ለሰው አይቁሙ» ይባላል? ጣታቸው እስኪነሣ አሰበች።

«አባባ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጀልባው ቢቆም፣ መሪው ይታዘዝዎታል?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! የቆመ ጀልባ ምን መሪ አለው? አፍንጫውን ወዳሻው ያዞራል እንጂ።»

«ቀስቷም እንደዚያው ናት። ሲቆሙ ፊትዎ ወዴት እንደዞረ አታውቅም፤ ሲሄዱ ግን አትስትም። ይህን አስቀድሜ አለመናገሬ የእኔ ጥፋት ነው። ጨረስኩ።»

ሬዲዮው እንደገና ተንጫጫ።

«ታዲያ ሰው ሳገኝ እንደ ከብት ዝም ብዬ ልለፍ?»

ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር በመሣሪያው መመሪያ ውስጥ አልተጻፈም።

«ጠብቂኝ» አሉ።

ጠበቀች። ጉሙ ከባሕር ዛፎቹ መሀል እየተጎተተ ያልፋል። ከዚያ ከሬዲዮው ሳይሆን ከጫካው ድምፅ መጣ፤ የአንድ ሰው ግን አልነበረም።

«እየሄድን! እየሄድን እንጨዋወት!» የሚሉት አባቷ ናቸው።

መሣሪያውን እንደ ፋኖስ ከፊታቸው ይዘው ከጉሙ ብቅ አሉ። ከጎናቸው ጋሽ ተክለጻድቅ ዱላቸውን እየተመረኮዙ ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። ከኋላ ልምምድ ላይ የነበረች አንዲት ሯጭ፣ ሀሴት የምትባል፣ እንደ ኤሊ ሶምሶማ እየረገጠች የአባቷን ጥያቄ ትመልሳለች።

«እናት አባትሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው፣ ጋሼ፤ ትንሽ ፈጠን ማለት ይቻላል?»

«ቀስቷን ጠይቂያት!»

ዶርቃ እጇን ዘርግታ ወደ እሳቸው ሄደች። አቶ ገላና ግን በአጠገቧ አለፉ። ጽዱን ዞሩ፤ ጋሽ ተክለጻድቅም ተከትለው ዞሩ።

«አባባ፣ ደርሰዋል እኮ!»

«እሷ ደረስክ ሳትለኝ አልቆምም!»

በሁለተኛው ዙር መሣሪያው ጢጥ አለ። ያኔ ቆሙ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከልጃቸው ሁለት እርምጃ ላይ ሆነው ሬዲዮውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ዶርቃ፣ ደርሻለሁ። ጨረስኩ።»

ተጠጋግተው የተያዙት ሁለቱ ሬዲዮዎች እኩል ጮኹ። ጋሽ ተክለጻድቅ በድንጋጤ ዱላቸውን ጣሉ፤ ሀሴት መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ዶርቃም ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች።

«በይ፣ ቤት ስንገባ የእኛን ወደብ ካርታው ላይ አስገቢልኝ» አሉ አባቷ መሣሪያውን ኮት ኪሳቸው ውስጥ እየከተቱ። «ሁለተኛውን ሬዲዮ እናትሽ ትያዘው፤ ከእንግዲህ ውኃ ዳር ቆማ አትጩህ። ብቻ ጣቷን እንድታነሣ የምትነግሪያት አንቺ ነሽ። እኔ አልደፍርም።»