ከቅዳሜ ወደ ሐሙስ

እ.ኤ.አ. በ1800ዎቹ መጀመሪያ ኢካቦድ ስኩደርን የሚያህል ምርጫ አዋቂ በዚያች የኒው ጀርሲ ከተማ አልነበረም። ዐሥር ዓመት ሙሉ በፈረስ ደጅ ለደጅ እየዞረ ለሪፐብሊካኖች ድምፅ ሰብስቧል፤ ማን ወዴት እንደሚያጋድልም በደብተሩ ይጽፋል። ዘንድሮ ግን ራሱ ለከተማው ጸሐፊነት ቀርቧል። ደብተሩ ለእሱ ስልሳ፣ ለተፎካካሪው ስልሳ አንድ ይላል፤ በአንድ ድምፅ ሊበለጥ ነው።

ስልሳ አንደኛዋ ኬዚያ ነበረች፤ ቅዳሜ የሚያገባት መበለት።

"ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል?" አለው ጓደኛው ጆታም፣ የፖም ጠጁን እየቀዳለት። "በሕጋችን ንብረት ያላት መበለት ትመርጣለች፤ ባል ያላት ግን ንብረቷ የባሏ ነውና አትመርጥም። ቅዳሜ ታገባታለህ፣ ምርጫው ማክሰኞ ነው። ስልሳ ለስልሳ! ሙሽራው፣ እግዜር ራሱ ሪፐብሊካን ነው እኮ!"

ኢካቦድ አልሳቀም። ኬዚያ ባሏ ከሞተ ወዲህ በየዓመቱ ጭቃውን እየረገጠች ሄዳ ትመርጣለች። እሱም ሐሳቧን ሊያስቀይራት ሦስት ዓመት ተመላልሶ ያተረፈው ፍቅሯን ብቻ ነው።

በማግስቱ ኬዚያ ቤት ሲደርስ የሠርግ ቀሚሷን አንገት እየሰፋች ነበር።

"ሠርጉን ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ እናድርገው" አላት።

መርፌዋ ቆመ። "ሐሳብህን ቀየርክ?"

"እኔማ ከቆረጥኩ ቆየሁ። ቅዳሜ ካገባሁሽ ግን ማክሰኞ አትመርጪም።"

"ለማን እንደምመርጥ ታውቃለህ አይደል?"

"ደብተሬ ላይ አለሽ።"

ትክ ብላ አየችው። "ሞኝ" አለችው፤ ከአፏ የወጣው ግን እንደ ስድብ አልነበረም።

ማክሰኞ ዝናቡ ሲወርድ ዋለ። ኢካቦድ ምርጫው ወደሚካሄድበት መጠጥ ቤት በገዛ ጋሪው ወሰዳት። ጆታም በሩ ላይ ሲያያቸው ራሱን ያዘ።

"አንተ ሰው! ቢላዋውን ራስህ ስለህ አመጣህላቸው?"

"መንገድ ልቀቅላት፣ ጆታም።"

ኬዚያ ወረቀቷን አጥፋ ሳጥኑ ውስጥ ከተተች።

ማምሻውን ድምፁ ተቆጠረ። ሃምሳ ስምንት ለስልሳ አንድ። ከራሱ ሰዎች ሁለቱ ዝናቡን ፈርተው ቀርተዋል፤ ደብተሩ ያላወቀው ይህን ብቻ ነው። ኢካቦድ ያሸነፈውን ሰው እጅ ጨብጦ ወጣ። ኬዚያ ጋሪው ላይ ልጓሙን ይዛ እየጠበቀችው ነበር።

"ሹመት የሌለው ሙሽራ ደረሰሽ" አላት።

"ከጣሉህ አንዷ እኔ ነኝ።" ድምፅዋ ቀጠነ። "ሐሙስ ያው ሐሙስ ነው?"

"ያው ነው።"

"እንግዲያስ ውጣ፣ በሰበስክ።"

አጠገቧ ያለውን መቀመጫ በሱፍ ሻርፗ ሸፍናው ኖሯል። ስታነሳለት እንጨቱ ደረቅ ነበር።