የሐሙስ ሳሙና

እሷ ሳሙና ታበስላለች፣ ባሏ ያዞራል። ዐሥራ አንድ ዓመት የኖሩት በዚህ የሥራ ክፍፍል ነበር። በጓሮው ክፍል ከትልቁ ብረት ድስት ጋር ትውላለች፤ ዘይቱን ከኮስቲክ ሶዳ ውሃ ጋር ታማስላለች፣ በእንጨት ሳጥን ታፈሰዋለች፣ ሲረጋ በሽቦ ትቆርጠዋለች፣ ከዚያ መደርደሪያ ላይ ደርድራ አምስት ሳምንት ታደርቀዋለች። እሱ ሐሙስ ሐሙስ ሰማንያ ሳሙና በብስክሌቱ ቅርጫቶች ጭኖ ይወጣል፤ ሃያ ሦስት በር አንኳኩቶ አመሻሹ ላይ ባዶ ቅርጫት ይዞ ይመለሳል። አንድም ቀን ተርፎት አያውቅም። ስለዚህም ማንን እንደሚያገኝ፣ ምን እንደሚያወራ ጠይቃው አታውቅም። ያለቀ ዕቃ ምን ይጠየቃል?

ባሏ ከሞተ ስድስት ወር ሆነው። ስድስት ወር ድስቱ እሳት አላየም። የመጨረሻው ሰማንያ ሳሙና መደርደሪያው ላይ እንደተደረደረ ድንጋይ ሆኗል። እሷም ብዙ አልተናገረችም፤ ሰው ሲመጣ ወንበር ታቀርባለች፣ ሲሄድ ወንበሩን ወደ ቦታው ትመልሳለች። የቤቱ ባለቤት የጓሮውን ክፍል እስከ ወሩ መጨረሻ እንድትለቅ ባይነግሯት ኖሮ፣ እንደዚያው ስትቀጥል ዓመቱ ይዞር ነበር።

ሁለት ቤት ያገኘላት የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ቤት ውስጥም ሲናገር ሞተር እየጮኸበት ይመስል ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

«እትዬ፣ አንደኛው ከከተማው ዳር ነው፤ ከአከፋፋዩ መጋዘን አጠገብ። ሰፊ ነው፣ ኪራዩም ቀላል። ሰውየው ሰኞ ሰኞ ያበሰልሽውን ሁሉ አፍሶ ይወስድልሻል። በየሱቁ የሚያዳርሰው እሱ ነው።»

«ሁለተኛውስ?»

«እሱን ተዪው። ወንድሜ ይዞርበት የነበረው ሰፈር ውስጥ፣ የጠባቡ መንገድ መጨረሻ ላይ ያለች ጎጆ ነገር። ግራና ቀኝ መስኮት አላት እንጂ ከሁለት መደርደሪያ በላይ አትችልም። ያየሁትን አልደብቅም ብዬ ነው የነገርኩሽ።»

«መጋዘኑ ጋ ሰው ያልፋል?»

«ውሻም አያልፍ» አለና ሳቀ። «ታዲያ ምን ያደርግልሻል? አንቺና ድስትሽ ብቻ ናችሁ።»

እሱ ይህን ያለው የቤቱን ጉድለት በቀልድ ለማለፍ ነበር። የእሷ ልብ ግን ያረፈው እዚያው ላይ ነው። ማንም የማያልፍበት ቤት። አንገቱን ዘንበል አድርጎ «እንዴት ነሽ?» የሚል የለ፤ መልስ መፈለግ የለ። ሰኞ አንድ መኪና ይመጣል፣ ይጭናል፣ ይሄዳል።

አከፋፋዩ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባሏ ይዞርበት የነበረው ሰፈር በሳምንት ስንት ሳሙና ይጨርሳል? «ሰማንያ» አለችው ዓይኗን ሳታሽ። ሰማንያ ወጥቶ ባዶ ቅርጫት ሲመለስ ዐሥራ አንድ ዓመት አይታለች። ሰውየውም በዚያው መጠን ለሰፈሩ ሱቆች ሊያስቀምጥ ተስማማ። ፊርማው ለቅዳሜ ተቀጠረ።

አንድ ነገር ግን ከነከናት። ባሏ ያንኳኳቸው የነበሩ ሰዎች ሳሙናው ከእንግዲህ በር ድረስ እንደማይመጣ ሊነገራቸው ይገባል። ሳይናገሩ መቅረት ነውር መሰላት። ሐሙስ ጠዋት ያንኑ የመጨረሻ ሰማንያ በቅርጫቶቹ ሞላች፤ መንዳት ስለማትችል ብስክሌቱን እየገፋች ወጣች።

የመጀመሪያው በር የጡረተኛው የጂኦሜትሪ መምህር ነበር። ሽማግሌው ከእሷ በፊት ብስክሌቱን አዩ፤ ፊታቸው በራ፣ ከዚያ ማን እንደያዘው ሲያስተውሉ ደበዘዘ።

«ጋሼ፣ ሳሙናው በር ለበር መዞሩ ቀርቷል። እሱን ልነግርዎት ነው የመጣሁት። ከእንግዲህ ከሱቅ ያገኙታል።»

«ከሱቅ» አሉ መምህሩ። «ነይ እስቲ ልጄ፣ ግቢ።»

ቁምሳጥናቸውን ከፈቱላት። ከላይ እስከ ታች ሳሙና ነው፤ በአስተማሪ እጅ ማዕዘኑ ተስተካክሎ የተደረደረ፣ አንዱም ውሃ ያልነካው።

«ሦስት ዓመት፣ በሳምንት ሁለት ሁለት» አሉ። «አንድ ሸሚዝ ላለው ሰው መቼም አይጎድልበትም።»

«ታዲያ ለምን ይገዙ ነበር?»

«ባዶ እጁን ልመልሰው? ሳሙና ሊሸጥ የመጣ ሰው ነው። ካልገዛሁት በምን ሰበብ ይቀመጣል?» በአገጫቸው የበሩን ደረጃ አመለከቱ። «እዚያ ነበር የሚቀመጠው። ድስቱ እንዴት እንደገነፈለብሽ ይነግረኛል።»

«ድስቱ?»

«በየሳምንቱ ነው የሚገነፍልብሽ። አንዱን ሳምንት አረፋው ዶሮዎቹን አጥቦ ተመለሰ፤ አንዱን ሳምንት ደግሞ የፖስተኛውን አንድ እግር ጫማ ይዞ ሄደ። አንቺ ማማሰያ ይዘሽ ከኋላ ትሮጫለሽ።»

በዐሥራ አንድ ዓመት ድስቱ የገነፈለው አንዴ ብቻ ነው፤ በተጋቡ በመጀመሪያው ወር። አረፋው እስከ ግቢው በር ደርሶ እሷ በእፍረት አልቅሳ ነበር።

«ለማንም አልናገርም ብሎ ምሎልኝ ነበር» አለች።

«እሱንም ነግሮናል» አሉ መምህሩ።

ብስክሌቱን እየገፋች ወደ ቀጣዩ በር ሄደች።

ከዚያ በኋላ በየበሩ አንድ ጥያቄ ጨመረች፤ ስንት ትጨርሳላችሁ? አንዲት ጡረተኛ ነርስ ሳሙናዎቹን በልብሶቿ መሃል ለመዓዛ ሸጉጣቸዋለች። አንድ ሰዓት ጠጋኝ የጠረጴዛውን አጭር እግር በሁለት ሳሙና አስተካክሏል። በአንዱ ቤት ለልጅ ልጆቻቸው መኪና ቀርጸውበታል። ሁሉም ግን ስለ አረፋው ያውቁ ነበር፤ አንዳንዶቹ እሷ ራሷ ያልሰማችውን ዝርዝር ነገሯት። ከሃያ ሦስቱ በር ሳሙናውን በእውነት ሲታጠቡበት የነበሩት ስምንት ናቸው።

ገበያው ባሏ ራሱ ነበር። ሰማንያው ሳሙና የተሸጠው ሰው እድፍ ስለነበረበት አልነበረም።

የመጨረሻው በር፣ ጠባቡ መንገድ የሚያልቅበት፣ የአንዲት ልብስ አጣቢ ነው። ሰፈሩ «እሜቴ አረፋ» ይላታል። ስድስት ሳፋ ደርድራ እስከ ክርኗ ገብታበታለች።

«ዛሬ ቅርጫቱ ሙሉ ነው?» አለች ቀና ብላ። «ጉድ ነው። ባልሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እኔ ጋ ሲደርስ ሦስት አራት ብቻ ቀርቶት ነው። ሃምሳ ስጠኝ፣ ከእኔ ጀምር ስለው፣ 'እዚያ በር ላይ የሚጠብቁኝ አሉ' ይለኛል። የሚጠብቁት ሳሙናውን ውሃ ሳያስነኩት!»

«ሃምሳ በየሳምንቱ ትጨርሺያለሽ?»

«ሳፋዎቹን ጠይቂያቸው።»

ሃምሳውን ቆጥራ አወረደችላት። ቀና ስትል ከፊት ለፊቷ ግራና ቀኝ መስኮት ያላት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ በሩ ላይ የኪራይ ወረቀት ተለጥፏል። ነፋሱ በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ሲወጣ ወረቀቱ ይንቀሳቀሳል። ሳሙና ለማድረቅ እንዲህ ያለ ነፋስ የትም አይገኝም።

ዓርብ ለባሏ ወንድም ነገረችው።

«ጠባቧን?» አለ መሪ የጨበጠ ይመስል ሁለት እጁን ዘርግቶ። «እትዬ፣ አከፋፋዩን ምን ልንለው ነው?»

«እኔው እነግረዋለሁ። ሰማንያ ማለቴ ስህተት ነበር። ሱቅ ላይ ቢቀመጥ አይነሳም። ሃምሳው ለአጣቢዋ ነው፣ መንገድ መሻገር ብቻ ነው። ሃያው በእውነት ለሚታጠቡበት ለሌሎቹ ሰባት ቤቶች። ለዚህ ሁለት መደርደሪያ ይበቃኛል።»

«የቀሩት ዐሥራ አምስት በሮችስ?»

«እነሱ ሳሙና አይፈልጉም።»

«እንኳን! መዞሩ ቀረልሽ» አለ እፎይ ብሎ።

ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ዕለት፣ የመጀመሪያው ሳሙና ደርቆ ደረሰ። ሃምሳውን በሁለት ጉዞ አሻገረች። ሃያውን ቅርጫት ውስጥ አደረገች። ክፍሉን ልትቆልፍ ስትል ዓይኗ ከሳጥኑ ጠርዝ የተረፉት ስስ ቁራጮች ላይ ወደቀ፤ ሁልጊዜ ወደ ድስቱ የምትመልሳቸው ናቸው። ዐሥራ አምስት መርጣ በወረቀት ጠቀለለች።

መምህሩ በሩን ሲከፍቱ ቁራጩን ዘረጋችላቸው። በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃን አነሱት።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ቁምሳጥኑ ሞልቷል ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

ኪሳቸውን ዳበሱና ሳንቲም ሰጧት፤ ተቀበለች። እጇ ብስክሌቱ መሪ ላይ ነው፤ መንገዱ ጭር ብሏል። መምህሩ በሩን አልዘጉም።

«ዛሬስ ገነፈለ?» አሉ ቀስ ብለው።

በሕይወቷ ወሬ ጨምራ አውርታ አታውቅም። ደረጃውን አየችው፤ መሃሉ በመቀመጥ ብዛት ለስልሷል።

«ገነፈለ» አለች።

«እስከየት ደረሰ?»

አሰበች። ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።