ላስቲኩ ያልተነሳ አልጋ

ያንን ተሽከርካሪ ዛሬም መንገድ ላይ ባገኘው በድንጋይ እደበድበዋለሁ። ብረት ነው፣ ምንም አይሆንም፣ የሚጎዳው የኔ እጅ ነው። ቢሆንም እደበድበዋለሁ።

ወታደሮቹ ቢቲአር ይሉታል። ስምንት ጎማና ሁለት ሞተር ያለው ብረት ለበስ ነው። ይኼኛው መትረየሱ ወልቆለት ለቁስለኛ ማንሻ የተዘጋጀ ስለነበር፣ በሁለቱም ጎኑ ነጭ ቀለም ላይ ትልቅ ቀይ መስቀል ተስሎበታል። እኛን ያሳሳተን ያ መስቀል ነው።

ጴጥሮስ እባላለሁ። ያን ጊዜ ከጊምቢቹ ወጣ ብላ በምትገኝ ትንሽ ክሊኒክ ጤና ረዳት ነበርኩ። እህቴ ማርታ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ሆነ። ጳጉሜን አራት ቀን፣ ሰማንያ ዓመተ ምህረት፣ ገና ሳይነጋጋ ሆዷን ስዳስስ ልጁ ጋድሞ እንደተኛ አወቅሁ። እንዲህ ያለ ልጅ በቀዶ ጥገና ካልሆነ አይወጣም። እኔ ያለኝ መቀስ፣ ጓንትና ሁለት ጠርሙስ ግሉኮስ ነው። ሆሳዕና ሆስፒታል ካልደረሰች እናትም ልጅም ይሞታሉ። ባሏን አበራን ለብሔራዊ ውትድርና ከገበያ አፍሰው ኤርትራ ከወሰዱት ዓመት አልፎታል። ክረምቱ መንገዱን ስለዘጋው መኪና የለም። ያለን ቃሬዛ ነው።

ቃሬዛ በኛ አገር ሕግ አለው። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ሁሉ የያዘውን አስቀምጦ ትከሻውን ይሰጣል። ገበያ የሚሄድም ቢሆን፣ በሬው የጠፋበትም ቢሆን፣ ከበሽተኛው ቤተሰብ ጋር ደም የተቃባ እንኳ ቢሆን እስከሚቀጥለው መንደር ሳይሸከም አያልፍም። «ትሸከማለህ ወይ?» ተብሎ ደግሞ አይጠየቅም። መጠየቅ ስድብ ነው፤ አንተ ሰው አይደለህም እንደማለት ነው።

አሥራ ሁለት ሆነን ተነሳን። የሚመራን አቶ ደስታ ነበር፤ ጎረቤታችን ነው፣ ስልሳውን የዘለለ፣ ስንት ሰው በቃሬዛ ሆሳዕና ያደረሰ ሽማግሌ። መንገድ ላይ ያገኘነው ሁሉ እየገባ እየወጣ ትከሻ ሲቀያይር፣ ስድስት ሰዓት ላይ መንገዱን ከግማሽ በላይ ጨርሰን ነበር። ከዚያ በኋላ የሚቀረን የሦስት ሰዓት እርምጃ ነው። ማርታ በየመሃሉ ታቃስታለች፤ ልቧ ግን ደህና ይመታል። እንደርሳለን ብዬ ነበር። በእውነት እንደርስ ነበር።

መንገዱን ከሚያቋርጥ አንድ ወንዝ ማዶ ያለ ረግረግ ላይ ብረት ለበሱ እስከ ሆዱ ሰምጦ ቆሟል። ከላዩ አንድ ሻምበል ተቀምጧል፤ ጫማው ላይ አንዲት ጠብታ ጭቃ የለም። ስሙ ኃይለመለኮት እንደሆነ በኋላ ሰማሁ። ተሽከርካሪው መስከረም ሁለት፣ ለአብዮት በዓል፣ ሆሳዕና አደባባይ ለሕዝብ ሊታይ ነው የሚሄደው። ሻምበሉ እኛን ሲያይ ፊቱ በራ።

«እሰይ! ሰው መጣ! ኑ፣ ግፉ!»

ሹፌሩ አንገቱን ከመስኮቱ አወጣ። ጠና የሚባል ሃምሳ አለቃ ነው። በሃዲይኛ ሰላም ሲለን ንግግሩ የሌሞ ልጅ መሆኑን ነገረን። «አንዱ ሞተር ሞቷል፤ ከስምንቱ የሚዞሩት አራቱ ጎማዎች ብቻ ናቸው። መጎተቻው ገመድም ተበጥሷል» አለን። ልባችን ረጋ። የኛ ሰው ነው፤ ሕጉን ያውቃል።

ማርታ ቀና ብላ መስቀሉን አየችው። «የበሽተኛ መኪና ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ተመስገን» ብላ ተመልሳ ተኛች።

አቶ ደስታ «ገመድ አለን» አለ። ያለን ገመድ የቃሬዛው ነው፤ ከእንሰት ቃጫ የተገመደ ጠንካራ ገመድ። ማርታን ጋቢ አንጥፌ ሣሩ ላይ አስተኛኋት። ቋጠሮውን የፈታሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። በየቀኑ በሽተኛ የማይ፣ መጽሐፍ ያነበብኩ ሰው፣ የእህቴን ቃሬዛ በገዛ እጄ ፈታሁት። ከዚህ በኋላ ቃሬዛ ምን ያደርግላታል? በመኪና ልትሄድ አይደል! እንዲህ ብዬ ነው ያሰብኩት።

ገመዱን ሦስት አጥፈን ጎተትን። ሁለቱን የባሕር ዛፍ መሸከሚያ ከጎማው ሥር ሰካናቸው፤ ጎማው እንደ ሸንኮራ ሰባበራቸው። ድንጋይ ተሸከምን፣ ቅጠል ቆረጥን፣ ጭቃ በእጃችን ዛቅን። ገመዱ ሦስት ቦታ ተበጠሰ። ሻምበሉ ከላይ ሆኖ «አንድ፣ ሁለት» ይላል። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀብን። በመጨረሻ ያ ብረት አጉረምርሞ ደረቁ መሬት ላይ ወጣ። ሰዎቻችን በደስታ ጮኹ፤ አራቱ ወዲያው ማርታን ከነጋቢዋ አንስተው ወደ ጎኑ በር አመጧት።

በሩ ክፍት ነው። ውስጡ ሦስት አልጋ አየሁ። ነጭ ናቸው፤ የመጡበት ላስቲክ ገና ከላያቸው አልተነሳም።

«ምንድን ነው?» አለ ሻምበሉ።

«እናስገባት፣ ጓድ ሻምበል።»

«የት ነው የምታስገቡት?»

«እዚህ። ሆሳዕና ሆስፒታል ነው የምትሄደው፤ ልጁ ጋድሞባታል።»

ሻምበሉ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብሎ ነው የተናገረው። «ይሄ የሠራዊቱ አምቡላንስ ነው። ለቁስለኛ እንጂ ለሲቪል አልተፈቀደም።»

«ባሏ ወታደር ነው፤ ኤርትራ ነው ያለው።»

«እሱ ሲቆስል እናነሳዋለን» አለኝ።

ይህን ያለው በእውነት ነው፤ የተናገረው ምን እንደሆነ አልታወቀውም። ቀጥሎም አልጋዎቹን አሳየኝ። «መስከረም ሁለት ሕዝብ እየገባ ያያቸዋል። ጥያቄ የሚጠይቁ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ። አሁን በደም ላበላሻቸው?»

አቶ ደስታ ከሻምበሉ ጋር አልተከራከረም። ወደ ጠና ዞሮ በሃዲይኛ «ልጄ፣ የማን ልጅ ነህ?» አለው። እኛ ዘንድ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ አባትህን ጥራና ከዚያ በኋላ የምታደርገውን አድርግ ማለት ነው። ጠና መሪውን የያዙ እጆቹን አየ። 

«ንዳ!» አለ ሻምበሉ።

ጠና መስኮቱን ዘጋና ነዳ። ጎማው የረጨው ጭቃ የማርታን ጋቢ ሸፈነው።

ከመካከላችን ሰው ቃሬዛ አግኝቶ ሲያልፍ አይቶ የሚያውቅ አልነበረም፤ ስለዚህ ምን እንደሚባል አላወቅንም። እንዲያውም ከአሥራ ሁለቱ አንዱ «ዞሮ ሊመጣ ነው» ብሎ ጥቂት ጠበቀ። እኔም ጠበቅሁ። ይህን ስናገር ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ቃሬዛ የለንም። ሁለት የተሰበረ እንጨትና የተበጣጠሰ ገመድ ነው ያለን። ከመካከላችን ሁለት ጎረምሶች በሩጫ ወደ ቅርቡ መንደር ሄዱ፤ እኛ ጋቢዋን በአራቱም ጫፍ ይዘን ማርታን በዳገቱ ማውጣት ጀመርን። ጋቢ ይለጠጣል፤ ወገቧ እየተቀለበሰ ትጮሃለች። መንደርተኛው እንጨትና ገመድ ይዞ እስኪደርስ፣ አዲስ ቃሬዛ እስኪታሰር፣ ሌላ አንድ ሰዓት ተኩል ሄደ። ከዚያ ሮጥን። አቶ ደስታ በዚያ ዕድሜው ሮጠ። የሆሳዕና የቆርቆሮ ጣሪያዎች ሲታዩ ማርታ እጄን ለቀቀችኝ።

ሐኪሙ «መቼ ነው ያረፈችው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሰዓቴን አየሁ። ካረፈች ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነበር። ረግረጉ ላይ ያባከንነውን ብቻ አስቡት።

በማግስቱ ወደ አገሯ መልሰን ቀበርናት። መስከረም አንድ ቀን፣ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ፣ ከበላይ መሥሪያ ቤት ወረቀት መጣልኝ። በአብዮት በዓል ላይ ስለ ብረት ለበሱ አምቡላንስ ለሕዝቡ በሃዲይኛ የሚያስረዳ የጤና ባለሙያ ተፈልጓል፤ ነጭ ጋዎን ለብሰህ ተገኝ ይላል። የጻፈው ሰው ስለ ማርታ ምንም አያውቅም። ለቀስተኞቹ «ተው፣ ታምሜአለሁ በል» አሉኝ። ጋዎኔን አጥቤ ሄድኩ።

አደባባዩ ሞልቷል። ቀበሌው ያላስወጣው ሰው የለም። ብረት ለበሱ ታጥቦ ያበራል፤ ሰው በአንዱ በር እየገባ በሌላው ይወጣል፤ አልጋውን በጣቱ እንዳይነካ ወታደር ቆሟል። ሻምበሉ በድምፅ ማጉያ በአማርኛ ተናገረ፤ አብዮቱ ለልጆቹ ሕይወት ስለሚያስበው ሐሳብ ብዙ አለ። እኔን አላወቀኝም። ከሦስት ቀን በፊት ያየው ጭቃ የለበሰ ገበሬ ነው። ማይኩን ሰጠኝ።

በሃዲይኛ ጀመርኩ። ጎማው ስምንት ነው አልኩ። አልጋው ሦስት ነው። እስከ ዛሬ ማንም አልተኛበትም። ጳጉሜን አራት ቀን መንገድ ላይ ቃሬዛ አገኘ፤ ቃሬዛችንን ፈትተን ከጭቃ አወጣነው፤ አልፎን ሄደ። እህቴ ሞተች።

ከፊት ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን አወረዱና እንደ ለቅሶ ቤት አዘቅዝቀው ለበሱ። አንዲት አሮጊት «ቃሬዛ አልፎ?» አለች፤ የሰማችውን ማመን አቅቷት። ሻምበሉ ወደ ጠና ዘንበል ብሎ «ምን አላቸው?» ሲል ሰማሁት።

ጠና ከፊት ጎማው አጠገብ ቆሟል። ዓይኔን አየኝ። «ስለ አልጋዎቹ ነው፣ ጓድ ሻምበል። መንግሥትን እያመሰገነ ነው።»

ሻምበሉ ብቻውን አጨበጨበ።

ጠና ሊያድነኝ ነው። ዓይኑ እየለመነኝ ነበር፤ ማይኩን መልስና ወደ ለቅሶህ ሂድ ይለኛል። ብመልሰው ኖሮ ማታ ቤቴ እገባ ነበር። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ከሻምበሉ ይልቅ እሱን ጠላሁት። ሻምበሉ ሕጋችንን አያውቅም። ይሄ ያውቃል። እያወቀ መስኮቱን ዘጋብን፤ አሁን ደግሞ አፌን ሊዘጋ ነው። ማይኩን አስጠግቼ ያንኑ ሁሉ በአማርኛ ደገምኩት። «እህቴን የገደላት ይህ አምቡላንስ ነው» ብዬ ጨረስኩ።

ሻምበሉ እጆቹን አወረደ። ወታደሮች ወደ እኔ ሲመጡ፣ ጠና ኮፍያውን አውልቆ መሃል ገባ። «እውነቱን ነው» አለ፣ ያለ ማይክ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮኾ። «የነዳሁት እኔ ነኝ። አባቴ ማንጎ ይባላል፤ የማንጎ ልጅ ጠና ነኝ።» ሁለታችንንም ወሰዱን።

ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ታሠርኩ፤ ደርግ ሲወድቅ ወጣሁ። የመጀመሪያዎቹን ሃያ አንድ ቀናት ከጠና ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ጎን ለጎን ተኝተናል። በየጠዋቱ በሃዲይኛ «እንዴት አደርክ፣ ወንድሜ?» ይለኛል። እኔ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ። የሚመጣልኝን ምግብ እካፈለው ነበር፤ አንድም ቃል ግን አላናገርኩትም። በሃያ ሁለተኛው ቀን ጠዋት የጦሩ መኪና መጣ። ስሙን ጠሩ። በሩ ላይ ቆም ብሎ እንደ ልማዱ «እንዴት አደርክ?» አለኝ፤ መልስ ሳልሰጠው ወሰዱት፤ ሁለተኛ አላየሁትም።