አውፍታ በማይክሮፎን

ሙደሲር ማይክሮፎኑን በጣቱ ሲመታው ዓቢዳ ጆሮዋን ያዘች። ፊት ወንበር ላይ በግድ ነው ያስቀመጧት። ደረቷ ላይ የሐጂ ረፊቅ ፎቶ ያለበት ባጅ ሰክተውላታል፤ ሐጂ ከዚያች ትንሽ ክብ ውስጥ ጥርሳቸውን ያሳያሉ።

ሐጂ ረፊቅ ጁባ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች አንዱ ናቸው። ስኳርና ዱቄት በጅምላ ሸጡ፣ ዜግነት ቀየሩ፣ በአካባቢው ምክር ቤት ወንበር ያዙ። ዛሬ ደግሞ ከጁባ ዳር እሳቸው ቀድመው ግንብ ያቆሙባት ትንሽ ከተማ ሐይ ረፊቅ፣ ማለትም የረፊቅ ሰፈር፣ ተብላ በስማቸው ልትጠራ ነው። ሰውዬው በቁማቸው! ድንኳን ተተክሏል፣ ፍየል ታርዷል፣ ከጁባው የሀብታም ሰፈር ከአማራት ሳይቀር ባለ ከረባት ሁሉ መጥቶ ላቡን ይጠርጋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ።

ከዓመታት በፊት ጁባ በጥይት የተናጠች ጊዜ እዚህ የብረት በር የነበረው የሐጂ ግቢ ብቻ ነበር። ነጋዴው ሁሉ ቤተሰቡን ይዞ ደጃቸው ተኮለኮለ። ሐጂ በሩን ገርበብ አድርገው መጀመሪያ ዕቃ ይግባ አሉ። ነጋዴ ነውና ሁሉም ጆንያውን እየተሸከመ ሮጠ። የዓቢዳ ባል ሰማን የራሱን ጨርሶ የጎረቤቱን ሲያግዝ ነበር። ግቢው በጆንያ ሲሞላ ለሰው ቦታ የለም ተባለና በሩ ተዘጋ። ሰማን እያንኳኳ ሳለ ነው በጥይት ተመትቶ የሞተው፤ ዓቢዳ ልጇን ጀንነትን ታቅፋ አጠገቡ ቆማ ነበር። ስኳሩ ግን ተረፈ። ሰላም ሲሆን አንድም ሳይጎድል ለየባለቤቱ ተመለሰ፤ ሐጂም አደራ ጠባቂው ተባሉ።

የበዓሉ አስተባባሪ ሙደሲር የሐጂ የእህት ልጅ ነው። ጎንበስ ብሎ ጆሮዋ ስር አንሾካሾከ።

"እትዬ ዓቢዳ፣ ሐጂ ንግግራቸውን ሲጨርሱ አውፍ በሉኝ ይላሉ። እርስዎ ተነስተው በሁላችንም ስም አውፍ ብለናል ይላሉ። ከላስ፣ በቃ።"

"ለምን እኔ?"

"የሰማን ሚስት ነዎታ። እርስዎ ካሉ ሌላው ምን አፍ አለው?"

"ቤቴ መጥተው ለምን አልጠየቁኝም?"

"ታመዋል እኮ። ደግሞ ትልቅ ሰው ናቸው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሱቅዎም ያለው እሳቸው ሕንጻ ላይ ነው። ውሉን የማድሰው እኔ ነኝ፤ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም።"

ዓቢዳ ወጉን ታውቃለች። ለሐጅ የሚነሳ ወይም ሞት የሸተተው ሰው የበደላቸውን ሁሉ አውፍ በሉኝ ብሎ ይቅርታ ይለምናል። የሰው ሐቅ ተሸክሞ ጌታው ፊት መቆም አይፈልግማ። የሚለምነው ግን በእግሩ እየዞረ፣ ደጅ እየጠና ነው። ሐጂ ይህንንም በጅምላ ሊጨርሱት ነው እንግዲህ።

ሐጂ ተነሱ። ሲመጡ ቦታው ጫካ እንደነበረ፣ እባቡን፣ ወባውን ሁሉ ተረኩ። ቀጥለውም በዚያ በጨነቀ ቀን በሬን ከፍቼ ወገኔን አተረፍኩ አሉ። ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ። ከዓቢዳ ጎን የተቀመጠችው ሉባባ ያን በር አብራት የደበደበች ሴት ናት፤ እሷም አጨበጨበች። ዓቢዳ አፏ ምራቅ ሞላ። ሰው ባይኖር እዚያው ትተፋው ነበር።

"እንግዲህ ሰው ነኝ" አሉ ሐጂ በመጨረሻ። "ያስቀየምኩት ካለ አውፍ በሉኝ።"

ሙደሲር ማይክሮፎኑን እጇ ላይ አስቀመጠው። ጀንነት ከኋላ ቀሚሷን ጎተተቻት።

"እማ፣ በያቸው በቃ። ሱቁ ከሄደ ምን እንበላለን? ትምህርቴስ?"

ልጅቷ እውነቷን ነው። የሚያበላቸውም የሚያስተምራትም ያ ሱቅ ነው። ዓቢዳ ለአንዲት ቃል ነው ብላ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን አልወጣ አላት።

"ሐጂ" አለች። "ቤቴ ኒምራ ታላታ ሰፈር ነው፣ ከመስጊዱ ጀርባ። ሰማንን የሚያውቅ ሁሉ ያሳይዎታል። መጥተው ያንኳኩ። እኔ እከፍትልዎታለሁ።"

ከኋላ አንድ ሰው ያልገባው ኖሮ አጨበጨበና ብቻውን መሆኑን ሲያይ ተወው። ሐጂ መነጽራቸውን አስተካክለው ሙደሲርን አዩት። ሙደሲር ማይክሮፎኑን ከእጇ ነጠቃት።

"ምን አደረጉ እትዬ? ውሉን እኮ ነግሬዎታለሁ።"

ዓቢዳ ከቦርሳዋ የሱቋን ቁልፍ አወጣችና መዳፉ ላይ አኖረችለት።

"ዕቃዬ ነገ መጥቼ እስካወጣው እናንተ ጋ ይቆይ" አለችው። "ለዕቃስ ታማኞች ናችሁ።"