በእጅ የተሸፈነ ሳቅ

የሚስታችሁን አሳሳቅ፣ ፎቶዋን ገና አሁን ያየ ሰው የማረም መብት አለው? የፎቶ ክበቡ አለው ይላል። በውድድሩ ደንብ ፎቶዎቹ ያለ ስም ይሰቀላሉ፤ ዳኛው ሲተች ያነሳው ሰው ትንፍሽ ካለ ይሰረዛል።

ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የሆነ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከሚስቱ ጎን ተቀምጦ የፎቶውን ተራ ይጠብቃል። ግድግዳው ላይ እሱ ባነሳው ፎቶም እሷው አለች፤ ኩሽና በር ላይ ቆማ፣ አፏን በእጇ ሸፍና፣ ዓይኖቿ እስኪጠፉ ትስቃለች።

«እጁ ፊቱን ገድሎታል» አለ ዳኛው በእስክሪብቶው እየጠቆመ። «አንሺው ‹እትዬ፣ እጅዎን ያውርዱ› ማለት እንኳ አቅቶታል። ይሄ ስንፍና ነው!»

ስንፍና! የሰውየው ደም ፈላ። ሊናገር ሲል ሚስቱ ጉልበቱን ያዝ አደረገችው።

«አንተ ዝም በል፣ ትሰረዛለህ። እኔ ያነሳሁት ፎቶ የለም» ብላ ተነሳች።

«ጌታው፣ እትዬዋ እኔ ነኝ። የፊት ጥርሴ ከወለቀ ወዲህ አፌን ሳልሸፍን ስቄ አላውቅም። ይሄ ሽማግሌ ባሌ ደግሞ ሳያስቀኝ ውሎ አያውቅም። እጅሽን አውርጂ ቢለኝ ሳቁም አብሮ ይወርድ ነበር።»

ከዚያ ባሏ እንኳ በቅጡ አይቶት የማያውቀውን የጥርሷን ክፍተት ወለል አድርጋ ለሰዉ ሁሉ ሳቀች።

«ይኸው፣ አወረድኩልዎ! የቱ ይሻላል? ኋላ በጆሮዬ እንዳይነግሩኝ፤ እዚሁ ሕዝብ ፊት ይመልሱ!»