ኢሞንዶ ያልቀረበበት ገና

"ዶሮው የታል?"

አኩሙ ዓሣውን ዘይቱ ውስጥ ገለበጠችው። ዘይቱ ተንጣጣ። ፊቷን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ ሌላውን ጨመረች።

አማቷ ናሊያካ የማድ ቤቱን በር ይዘው ቆመዋል። ከቤተ ክርስቲያን ከተመለሱ ገና ልብሳቸውን እንኳ አልለወጡም። የሻሻቸውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ አድርገዋል።

"ዶሮው የታል ነው ያልኩሽ።"

"ዶሮዎቹ ግቢ ውስጥ ናቸው እማማ። እየጫሩ ነው።"

"በገና ቀን ዶሮ ቆሞ የሚሄድበት ቤት አይቼ አላውቅም። ባሌን ቀብሬ ሳልጨርስ ቤቴን ሐይቅ አደረግሽው!"

አኩሙ የሐይቁ አገር ልጅ ናት፣ ዓሣ አጥማጅ ከሆኑት ከሉኦዎች ወገን። አግብታ ወደዚህ ወደ ቡኩሱዎች የሸንኮራ አገር ስትመጣ መጀመሪያ የተማረችው ነገር ገና ማለት ዶሮ፣ ዶሮ ማለት ደግሞ ኢሞንዶ መሆኑን ነው። ኢሞንዶ ዶሮዋ ጠጠር የምትፈጭበት ጨጓራ ናት፤ አንድ ጉርሻ አትሞላም። ግን ከቤቱ ራስ በቀር ማንም አይነካትም። ድስት ውስጥ ጠፋችብሽ ተብላ ወደ አባቷ ቤት የተባረረች ሚስት በዚህ መንደር አለች።

አማቷ ሽማግሌው ኩንዱ በሕይወት ሳሉ ነገሩ ቀላል ነበር። በትንሽ ሳህን ፊታቸው ታስቀምጥላቸዋለች፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያኝካሉ፣ ከዚያ ሌላው ይጀምራል። ከፋሲካ በኋላ ሞቱ። አሁን ኢሞንዶዋ የምትቀርብለት ሰው ነው ነገ ጎሳው ሲሰበሰብ ስለ ቤቱና ስለ መሬቱ የሚናገረው። ታላቁ ልጅ ዋንጃላ ናይሮቢ ይኖራል፤ ወንዝ ዳር ላለው የሸንኮራ ማሳ ገዢ አግኝቷል። ታናሹ ስሚዩ፣ የአኩሙ ባል፣ ከዚያ ማሳ በቀር መተዳደሪያ የለውም። በቀብሩ ማግስት ሁለቱ ሲተናነቁ መሀል ገብታ የገላገለቻቸው እሷ ናት። ባሏ እጅ ላይ የነበረውን ገጀራ እስካሁን በህልሟ ታየዋለች።

ለዚህ ነው ትናንት ገበያ ሄዳ ዓሣ የገዛችው። አንዱን ካንዱ እየለካች፣ ሁሉንም እኩል እኩል መርጣ። ዓሣ ሻጯ ስቃባታለች፤ "ምነው እህቴ፣ መንታ ልትድሪ ነው?"

"የኔኬሳ እናት፣" አለ ስሚዩ። እናቱ ወጥተው እሱ ገብቷል። ኔኬሳ ልጃቸው ናት። "እማማ የምትለው እውነት ነው?"

"እያየኸው ነው።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ የታመመ አባቴን ያጠብኩት እኔ ነኝ። እሱ ከናይሮቢ ስልክ ይደውላል፣ እኔ አንሶላ አጥባለሁ። ዛሬ ያቺ ነገር የኔ ነበረች። የገዛ ሚስቴ ነጠቀችኝ።"

"ላንተ ባቀርባት ወንድምህ ገበታውን ይገለብጠዋል። ለሱ ባቀርባት አንተ ገጀራህን ፍለጋ ትወጣለህ። የቱን ነው የምትፈልገው?"

"ዝም ብለሽ ትሠሪያለሽ! የሚስት ሥራ መሥራት ነው እንጂ መፍረድ ነው?"

"አልፈረድኩም እኮ። ዓሣ ነው የጠበስኩት።"

የቆመበት አጠገብ የነበረውን ባልዲ በእግሩ መትቶ ወጣ። አኩሙ የፈሰሰውን ውሃ አየችው። ቲማቲምና ሽንኩርቱ የሚቁላላበትን ድስት አማሰለች፣ በሌላው እሳት ላይ የፈላው ውሃ ውስጥ የበቆሎ ዱቄቱን ነሰነሰች፣ ኡጋሊው እስኪጠጥር በእንጨት ማንኪያ ታገለችው። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ጌታዬ፣ ዛሬን ብቻ አሳልፍልኝ፤ ሌላ አልጠይቅህም።

የመኪና ጥሩምባ ግቢው ውስጥ ተሰማ።

ዋንጃላ ብቻውን ነው የመጣው። ሚስቱንና ልጆቹን ወደ አማቶቹ ቤት ልኳቸዋል። የመኪናውን ኋላ ከፍቶ እግሩ የታሰረ ቀይ አውራ ዶሮ አወጣና ማድ ቤቱ ደጃፍ ወረወረው። ዶሮው ክንፉን እያራገበ አቧራው ላይ ተንደባለለ።

"መንገድ ላይ እያለሁ እናቴ ደውላ ነገረችኝ፣" አለ። "አላመንኳትም። እንኳን አደረሰሽ የኔኬሳ እናት። ድመት መሰልንሽ እንዴ?"

"እንኳን አብሮ አደረሰን የብራያን አባት። ይግቡ፣ ምግቡ ደርሷል።"

"የቱ ምግብ? እኔ ይሄን ሁሉ መንገድ የነዳሁት እሾህ ልለቅም ነው?" ዞር ብሎ ወንድሙን ጠራ። "ስሚዩ! ቢላ አምጣ።"

አኩሙ ባሏ እምቢ ይላል ብላ ጠበቀች። ስሚዩ ቢላውን ይዞ መጣ። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆሙ። እንደዚያ ተስማምተው አይታቸው አታውቅም። እያንዳንዱ ኢሞንዶዋ ለሱ እንደምትቀርብ እርግጠኛ መሆኑ ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

"እኛ እናርዳለን፣ አንቺ ትበልቻለሽ፣" አለ ዋንጃላ። "ከዚያ ለሚገባው ሰው ታቀርቢያለሽ። ይሄን ያህል ዓመት እዚህ ኖረሽ ይሄ ከጠፋሽ..."

"አልጠፋትም፣" አሉ ናሊያካ ከበረንዳው። "እልህ ነው።"

ስሚዩ ጎንበስ ብሎ የዶሮውን ክንፍ ረገጠ።

"ሳይታረድ አንድ ነገር ልጠይቅ፣" አለች አኩሙ። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ በረንዳው ዞረች። "እማማ፣ ለማን ላቅርብ?"

"ምን?"

"ኢሞንዶዋን። የቤቱ እናት እርስዎ ነዎት። ከሁለቱ ለማን እንደማቀርብ አሁን ይንገሩኝና እንዳሉኝ አደርጋለሁ። በኋላ አኩሙ ነች እንዳይባል።"

ዋንጃላ እናቱን አየ። ስሚዩ ቢላውን እንደያዘ ቀና አለ። ናሊያካ አፋቸውን ከፈቱ። ዓይናቸው ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ሄደ፣ ተመለሰ። አገጫቸው ሥር የታሰረውን ሻሽ ፈትተው እንደገና አሰሩት።

"ተናገሪ እንጂ፣" አለ ዋንጃላ። "ታላቁ ማነው?"

"ያጠበውስ ማነው?" አለ ስሚዩ።

"ማጠብህን ስንት ጊዜ ነው የምትነግረን? ደሞዝ ይከፈልህ?"

"አንተ ግን አንዴ እንኳ..."

"ዝም በሉ!" ናሊያካ ከወንበራቸው ተነሡ። "አባታችሁ እንኳ እንደዚህ አላዋረደኝም።" ከዚያ ወደ አኩሙ ዞሩ፤ ዓይናቸው ውስጥ ምሕረት የለም። "አንቺ መርዘኛ ነሽ። አውቀሽ ነው የጠየቅሽኝ።"

"አዎ እማማ።"

ናሊያካ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው ገፉት።

"ዓሣው ይበርዳል፣" አሉና ወደ ቤት ገቡ።

ገበታው ላይ ጸሎቱን ያደረሱት እሳቸው ናቸው፤ ፈጠን ብለው፣ እንደ ተቆጣ ሰው። አኩሙ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ዓሣ ከነራሱ አቀረበች። ዋንጃላ ሳህኑን አሽከረከረው።

"ራሱን የሚበላው ማነው?"

"ሁሉም ራስ አለው፣" አለች አኩሙ።

ዋንጃላ ሳህኑን ገፍቶ ተነሣ፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን በኃይል ዘጋ። ሞተሩን ግን አላስነሣም። ስሚዩ ሚስቱን ሳያይ ይበላል። ናሊያካ በገና ዓሣ ሲበሉ በሕይወታቸው የመጀመሪያቸው ነው። በሁለት ጣት እየቆነጠሩ፣ እሾሁን ሳህኑ ጠርዝ ላይ እየደረደሩ፣ "ጨው የለውም፣" አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ "በአጥንት ልትገድይኝ ነው።" ግን ቆነጠሩ።

አኩሙ የዋንጃላን ሳህን በሌላ ሳህን ከድና እሳቱ አጠገብ አኖረችው። ከዚያ ወደ ደጅ ወጣች። አውራ ዶሮው እዚያው ስሚዩ ጥሎት በሄደው ቢላ አጠገብ በጎኑ ተጋድሟል። ቁጢጥ ብላ የእግሩን ገመድ ፈታች። ዶሮው እግሩ መፈታቱን ሳያውቅ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ተነሥቶ ተራገፈና እያነከሰ ወደ ዶሮዎቹ ሄደ። መኪናው ውስጥ ያለው ሰው በመስታወቱ እያያት ነበር። ቢላውን አንሥታ ወደ ማድ ቤት ይዛው ገባች።

"ፈታሽው?" አሉ ናሊያካ ከውስጥ።

"ፈታሁት እማማ።"

የሳህን ድምፅ ተሰማ። እሾህ ሲቀመጥ ይመስላል።

"እንግዲያው ሲመሽ ከኛዎቹ ጋር አስገቢው፣" አሉ። "ሜዳ ላይ አውሬ እንዳይበላው።"