የሥዕል ክፍሌና የገርቲ ፖም

ለልጆች መጻሕፍት ሥዕል እሠራለሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት የሠራሁት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ሳህን እየገፋሁ ነው። ባለቤቴ ዳርል ጓሯችን ውስጥ የሥዕል ክፍል ለመሥራት እሺ ሲለኝ መሠረቱን ራሴ መቆፈር ጀመርኩ።

በሦስተኛው ቀን አካፋዬ ክንድ የሚያህል ሥር ነካ። ከአጥሩ ማዶ ያለው የገርቲ የፖም ዛፍ ሥር ነው። ገርቲ ሰማንያ ያለፋቸው ጎረቤታችን ናቸው። ሟቹ ባላቸው ክላይድ በዚያ አንድ ግንድ ላይ የሦስት ዓይነት ፖም ቅርንጫፎች አያይዘው ነበር ያሳደጉት። ክፍሉን ትንሽ ብናሸሸው ሥሩ ይተርፍ ነበር፤ ጥሩው ብርሃን ግን የሚገባው እዚያው የቆፈርኩበት ጋ ነው። መጋዝ አምጥቼ ቆረጥኩት። ከበታቹ የነበሩትን ሌሎች አራት ሥሮችም ቆረጥኩ። ለዳርል እንኳ አልነገርኩትም።

ክፍሉ አምሮ አለቀ። በመጀመሪያው ፀደይ የዛፉ ግማሽ ሳያብብ ቀረ፤ በሁለተኛው ጭራሽ ደረቀ። ገርቲ አጥሩን ተደግፈው፣ ክላይድ ሲያያይዘው አበላሽቶት ነው፣ ሦስት ይበዛል ብዬው ነበር፣ መቼ ሰው ይሰማና አሉኝ።

እኔም «ምናልባት» አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ወደ ዛፉ በሚያሳየው የክፍሌ መስኮት ማየት አቃተኝ። ጠረጴዛዬን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። የደረቀውን ዛፍ የሚቆርጡ ሰዎች የመጡ ዕለት ግን አላስቻለኝም፤ ገርቲ ቤት ሄድኩ።

«ገርቲ፣ ዛፉን ያደረቅሁት እኔ ነኝ። መሠረቱን ስቆፍር ሥሩን ቆርጬዋለሁ።»



«ሁለት ዓመት ክላይድን ስወቅስ ኖርኩ» አሉ። «መቃብሩ ድረስ ሄጄ ተቆጥቼዋለሁ። አንቺ ደግሞ ፊቴ ቆመሽ ምናልባት አልሽኝ።»

«አዎ፣ ብያለሁ።»

«ዛፉስ ዛፍ ነው። አሁን ሂጂልኝ።»

ክረምቱን ሙሉ ሰላምታዬን አልመለሱም። የደጃቸውን በረዶ የሚጠርገው ዳርል ነበር፤ እሱን ያናግሩታል። መጋቢት ላይ የክፍሌ በር ተንኳኳ። ገርቲ ናቸው፤ ክላይድ ከዛፉ ሥር የቆሙበትን አሮጌ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ይዘዋል።

«ይህን ሣይልኝ» አሉ። «ቀለሙን እኔ እነግርሻለሁ። እንዳታሳምሪው።»

ወንበር ሰጠኋቸው። አሁን በየማክሰኞው ይመጣሉ። አራት ጊዜ ሥዬዋለሁ፤ እስካሁን አልጣማቸውም። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ባለፈው ሳምንት ጎንበስ ብለው አዩና፣ የግራው ቅርንጫፍ ከዚህ ዝቅ ይል ነበር አሉኝ። ፋቅሁትና እንደገና ጀመርኩ።